በእስክሪብቶ የሞነጫጨራችሁትን ስዕል በስልካችሁ እንዴት ቀለም ትቀቡታላችሁ?

ደሴ ፒያሳ፣ ካፌ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ማኪያቶዬ እስኪመጣ የጦሳን ተራራ ደብተሬ ላይ ሞነጫጨርኩት። ከተራራው ሥር የተደራረቡ የቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ አንድ የመብራት ምሰሶ፣ አንድ ባጃጅ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። እንዲህ ያለ ስዕል ብዙ ጊዜ ደብተር ውስጥ ተረስቶ ይቀራል። እኔ ግን ተጠንቅቀን ከምንስለው ይልቅ ሳንጨነቅ የሳልነው ሕይወት አለው ባይ ነኝ። ቀለም ስትቀቡት ዋናው ነገር ያንን ሕይወት አለማጥፋት ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ስልክና አይቢስ ፔይንት የሚባለው አፕ ነው። በነፃ ይገኛል። ኮምፒውተር ያለው ሰው ክሪታን ይጫን፤ እሱም ነፃ ነው። ልዩ ብዕር አያስፈልግም፣ ጣት ይበቃል።

መጀመሪያ ፎቶው

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ፎቶው ከተበላሸ በኋላ ማስተካከሉ አድካሚ ነው። ፍላሹን አጥፉ። ወረቀቱን መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ቦታ ላይ አድርጉት። የደሴ ጉም ለዚህ ሥራ ስጦታ ነው፤ ብርሃኑ ከየአቅጣጫው እኩል ስለሚመጣ የእጃችሁ ጥላ ወረቀቱ ላይ አያርፍም። ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ፀሐዩ በርታ ስለሚል በረንዳ ጥላ ሥር አንሱት። ስልኩ ከወረቀቱ በላይ ቀጥ ብሎ ይያዝ። ዘንበል ካለ ስዕሉም ይጣመማል።

ከጀርባ ያለው ጽሑፍ የሚታይ ከሆነ ከገጹ ሥር ጥቁር ወረቀት አስገቡ። ባለመስመር ደብተር ላይ ከሳላችሁ ደግሞ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጉና ብርሃኑንና ኮንትራስቱን ጨምሩ። ፈዛዛዎቹ የደብተር መስመሮች ይጠፋሉ፣ ጥቁሩ እስክሪብቶ ይቀራል። በሰማያዊ እስክሪብቶ ከሆነ ግን ሁለቱን መለየት ይከብዳል። ስለዚህ ጥቁር ይዛችሁ ውጡ።

ሌየሮቹን ማዘጋጀት

ሌየር ማለት ደብተር እንደምንሸፍንበት ግልጽ ላስቲክ ነው፤ አንዱን በአንዱ ላይ ትደራርባላችሁ። አፑን ከፍታችሁ አዲስ ሸራ ፍጠሩ። በኤ4 ለማሳተም ካሰባችሁ ከመጀመሪያው 2480 በ3508 ፒክስል አድርጉት፤ ትንሹን በኋላ ቢያሳድጉት ይደበዝዛል። ፎቶውን ስታስገቡ አይቢስ ፔይንት መስመሩን ነጥሎ ያውጣላችሁ እንደሆነ ይጠይቃችኋል። እሺ በሉት። ነጩ ወረቀት ይጠፋና መስመሩ ብቻ ይቀራል። ክሪታ ላይ ደግሞ የስዕሉን ሌየር መልቲፕላይ (ሌየሩ ከሥሩ ካለው ጋር እየጠቆረ የሚዋሃድበት ምርጫ) ላይ አድርጉት፤ ነጩ የማይታይ ይሆናል።

የመስመሩ ሌየር ሁልጊዜ ከላይ ነው። ቀለም ከሱ ሥር፣ በሌላ ሌየር ላይ ይቀባል። አንድ ጊዜ ሳላስተውል መስመሩ ላይ ራሱ ቀብቼ ስዕሉን እንደገና ከፎቶ መጀመር ነበረብኝ። መስመሩን ቆልፉት።

ቀለሙ

በባልዲዋ ምልክት ቀለም ስታፈሱ ከቤቱ ወጥቶ ሰማዩን ሊሞላው ይችላል። የእስክሪብቶ መስመሮች ሁልጊዜ አይገጥሙማ። ክፍተቶቹን ግን በመስመር አትድፈኗቸው፤ ስዕሉን ቀለል የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ብሩሽ ይዛችሁ ብትቀቡ ይሻላል። ቀለሙ ከመስመሩ ትንሽ ቢያልፍም ያምርበታል።

አምስት ስድስት ቀለም ይበቃል። ቀና ብላችሁም እዩ። አዲስ ቆርቆሮ ሰማይ ሰማይ የሚል ግራጫ ነው፤ አሮጌው ዝጎ ቡናማ ሆኗል። የጦሳ ባሕር ዛፍ ቅርቡ አረንጓዴ ነው፣ ወደ ላይ ሲርቅ ግን እየፈዘዘ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። እኔ ደማቅ ያደረግኩት ባጃጁን ብቻ ነው።

ለጥላ ሌላ ሌየር ክፈቱ፣ መልቲፕላይ አድርጉት፣ ግራጫ ያዘለ ሐምራዊ ቀለም ምረጡ። ጥቁር ከሆነ ስዕሉን ያቆሽሸዋል። ጦሳ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ወደኛ ያለው ፊቱ ይበራል፣ ወደ ማታ ይጨልማል። የሳላችሁበትን ሰዓት አትርሱ።

አሁን ጉሙ። ለስላሳ ብሩሽ፣ በጣም ስስ ነጭ፣ በተራራው ወገብ ላይ። ይህን ስሞክር ጉሙ ጉም አልመስል ብሎኝ ነበር። ችግሩ የተራራው መስመር ነው፤ ጥቁር ሆኖ ፊት ለፊት ይቆማል። መፍትሔው አይቢስ ፔይንት ላይ የመስመሩን ሌየር ቁልፍ ከፍታችሁ፣ አልፋ ሎክ የሚለውን (ቀለሙ ከተሳለው መስመር ውጭ እንዳያርፍ የሚያደርገውን) አብርታችሁ፣ የተራራውን መስመር ብቻ በፈዛዛ ሰማያዊ ግራጫ መቀባት ነው። ያኔ ጦሳ ወደ ኋላ ይርቃል። ባጃጁ በጥቁር መስመሩ ከፊት ይቀራል።

ማስቀመጥ

ስዕሉን ፒኤንጂ በሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት አውጡት። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይቀንሳል። ሌየሮቹ ያሉበትን ፋይልም አታጥፉ። ነገ የጥላውንና የሰማዩን ሌየር ብቻ ቀይራችሁ ያንኑ ማለዳ ማታ ልታደርጉት ትችላላችሁ።