የዓለም አቀፍ ግንኙነት ድኅረ ምረቃ ስታመለክቱ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

የዓለም አቀፍ ግንኙነት ለመማር የሚያመለክቱ ልጆች የማመልከቻ ደብዳቤያቸውን እንዳነብላቸው ይልኩልኛል። አብዛኞቹ ጎበዞች ናቸው። ሳይሳካላቸው ሲቀር የምበሳጨውም ለዚህ ነው። ስህተቱ ብዙ ጊዜ ደብዳቤው ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ ምርጫው ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት ማስተርስና ፒኤችዲን የአንድ መሰላል ታችና ላይ አድርጎ ማየት ነው። በዚህ መስክ ሁለቱ የተለያዩ መንገዶች ናቸው። እንደ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው ሳይስ (SAIS)፣ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲው ፍሌቸርና ጆርጅታውን ያሉት የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚታወቁበት ማስተርስ የሙያ ዲግሪ ነው። ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ እርዳታ ወይም የፖሊሲ ትንተና ውስጥ መሥራት ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው። ፒኤችዲ ግን በዋናነት ተመራማሪና መምህር ያወጣል። ዲፕሎማት ልሁን የሚል ሰው አምስት፣ ስድስት ዓመት በንድፈ ሐሳብና በስታቲስቲክስ ሞዴል ላይ ቢቀመጥ ትምህርቱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም የሚከፋው፤ የእሱ ስላልሆነ ነው። እባካችሁ “ከፍ ያለው ይሻላል” ብላችሁ ብቻ ፒኤችዲ አትምረጡ።

ፒኤችዲውን የምር ለምትፈልጉም አንድ ነገር ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ “ዓለም አቀፍ ግንኙነት” የሚል ስም ያለውን ብቻ ከፈለጋችሁ ዋና ዋናዎቹ ያመልጧችኋል። ትምህርቱ በአብዛኛው የሚገኘው በፖለቲካ ሳይንስ ክፍል ውስጥ፣ እንደ አንድ ዘርፍ ሆኖ ነው። ብዙዎቹ ማስተርስ የሌለውንም ይቀበላሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ኮርስ ያስተምሩና ወደ ምርምር ያስገባሉ። ብሪታንያ ስትሄዱ ነገሩ ይለያል። እዚያ ከመጀመሪያው የምርምር ዕቅድ (ፕሮፖዛል) ትጠየቃላችሁ፤ በርዕሱ የሚያማክራችሁ መምህር መኖሩንም አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ አንዱን ማመልከቻ ገልብጦ ለሁለቱም መላክ አይሠራም።

ሌላው በስም መማረክ ነው። ስም ዋጋ የለውም አልልም፤ በር ይከፍታል። ግን ትምህርት ቤቶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ሳይስ በኢኮኖሚክስ ጠንከር ይላል፤ ከቁጥር ጋር የማይስማማ ሰው ይህን አውቆ ይግባ። በ1927 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የጄኔቫው የድኅረ ምረቃ ተቋም (Graduate Institute) ያለው በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ዋና ቢሮ ሰፈር ነው። ብሪታንያ ውስጥ ማስተርስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ሲሆን አሜሪካ ሁለት ነው። አንዱ ዓመት ገንዘብና ጊዜ ይቆጥባል። ሁለቱ ግን መሀል ላይ ክረምት አለው፤ በዚያ ክረምት የሚሠራ ኢንተርንሺፕ መስኩን ለሚቀይር ሰው ትልቅ ነገር ነው። ደረጃ ሰንጠረዡን ዝጉና የኮርስ ዝርዝሩን ክፈቱ። ተመራቂዎቹ የት እንደተቀጠሩም ጠይቁ።

ገንዘቡን “ከተቀበሉኝ በኋላ አስብበታለሁ” ማለት ደግሞ ልብ የሚሰብር ስህተት ነው። በደስታ የተከፈተ የመቀበያ ደብዳቤ በክፍያ ምክንያት ሲቀር አይቻለሁ። የአሜሪካ ፒኤችዲ ብዙ ጊዜ ክፍያውን ሸፍኖ ወርኃዊ ድጎማ ይሰጣል፤ የሙያ ማስተርስ ግን በአብዛኛው ከኪስ ነው። ስኮላርሺፖች ደግሞ የራሳቸው ቀን አላቸው፤ አንዳንዶቹ ትምህርቱ ከመጀመሩ አንድ ዓመት ያህል ቀድመው ይዘጋሉ። የብሪታንያ መንግሥት የሚሰጠውን የቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ ብንወስድ ቢያንስ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ስትጨርሱም ወደ አገራችሁ ተመልሳችሁ ሁለት ዓመት መቆየት አለባችሁ። ለዩኒቨርሲቲዎቹም ለብቻ ማመልከት የእናንተ ሥራ ነው። መጀመሪያ የስኮላርሺፑን ቀን ካላንደር ላይ አስፍሩ፣ የዩኒቨርሲቲው ከዚያ ይከተላል።

ወደ ደብዳቤው እንምጣ። “ከልጅነቴ ጀምሮ ዓለምን መለወጥ እመኝ ነበር” ብሎ የሚጀምር ስንት እንዳነበብኩ! ምኞቱ እውነት ነው፣ አልጠራጠርም። ግን አንባቢው ስለ እናንተ ምንም አላወቀም። ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። “የሰላም ጉዳይ ይስበኛል” ከማለት “ሁለት አገሮች የሚጋሩትን ወንዝ በተመለከተ የተፈራረሙት ስምምነት ለምን አንዳንዴ ይጸናል፣ አንዳንዴ ይፈርሳል?” ማለት ይሻላል። ከዚያ ጥያቄው ከየት እንደመጣባችሁ፣ የሠራችሁት ሥራ እንዴት እንዳጠነከረው፣ ያ ትምህርት ቤት ደግሞ ምን እንደሚጨምርላችሁ ጻፉ። የፕሮፌሰር ስም ደርድሮ ማሳመር አያስፈልግም። ሥራውን ያላነበባችሁለትን ሰው አትጥሩ፤ ያስታውቃል።

ለድጋፍ ደብዳቤም የማያውቃችሁን ባለሥልጣን አትለምኑ። ወረቀታችሁን አርሞ የመለሰላችሁ መምህር፣ አብራችሁ የሠራችሁት የቅርብ አለቃ ይበልጣል። ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ጠይቁ፤ ሲቪያችሁንና የደብዳቤያችሁን ረቂቅም ስጡት። በጥድፊያ የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ ባዶ ምስጋና ነው የሚሆነው።

ለድኅረ ምረቃ መግቢያ የሚሰጠውን የጂአርኢ (GRE) ፈተና በተመለከተ ብዙ ትምህርት ቤቶች ግዴታነቱን አንስተዋል። ካልተጠየቀ አትጨነቁበት። የሒሳብ ውጤታችሁ ደካማ ከሆነ ብቻ፣ ጥሩ የጂአርኢ ነጥብ ሊያግዛችሁ ስለሚችል አስቡበት።

ከመላካችሁ በፊት ደግሞ ፋይሉን እንደገና ክፈቱት። ለአንዱ ትምህርት ቤት የተጻፈ ደብዳቤ የሌላውን ስም ይዞ የሚሄደው በመጨረሻው ሌሊት ነው። ከቀነ ገደቡ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ላኩት።