የድድ ግራፍት አልያዝ ሲል

ድዱ ለሸሸበት ታካሚ ከላንቃ ቁራጭ (ግራፍት) አንስቶ ድድ ላይ የሰፋ ሐኪም በ4ኛው ወይም በ5ኛው ቀን አንዴ መደንገጡ አይቀርም። ግራፍቱ ነጥቷል፣ ላዩም እየተላጠ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም። ከላንቃ የመጣው የላይኛው ሽፋን በመጀመሪያው ሳምንት ይረግፋል፤ ከስሩ ያለው ቲሹ ይቀራል። "ቆሻሻ መስሎኝ ጠረግኩት" ያለኝ ባልደረባ አለ። የጠረገው ጤነኛ ግራፍት ነበር። አትንኩት! የሞተ ግራፍት ግራጫ ይሆናል ወይም ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ በመሣሪያ ጫፍ ገፋ ሲያደርጉት ይንሸራተታል።

ምልክት፦ ግራፍቱ ይንቀሳቀሳል፣ ቆይቶ ይሞታል

ደጋግሜ የማየው ይህንን ነው። ሐኪሙም መጀመሪያ የሚወቅሰው ዕቃውን ነው፦ "ይሄ ማትሪክስ አይረባም።" ማትሪክስ በላንቃ ቁራጭ ፋንታ የሚሰፋ፣ ከሰው ወይም ከእንስሳ ቲሹ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ምርት ነው። አንዴ ያንኑ የተወቀሰ ምርት ለዚያው ታካሚ፣ እዚያው ቦታ ላይ ደግሜ ሰፋሁት፤ ያዘ። የለወጥኩት ስፌቱን ብቻ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከላንቃ የተነሳ ግራፍት በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት የሚሠራ የደም ስር የለውም፤ የሚኖረው ከአልጋው፣ ማለትም ከተሰፋበት የድድ ቦታ፣ የሚወጣውን ፈሳሽ እየመጠጠ ነው። ከዚያ በኋላ ጥቃቅን የደም ስሮች ከአልጋው ወደ እሱ ያድጋሉ። ግራፍቱ በተንሸራተተ ቁጥር እነዚያ ስሮች ይበጠሳሉ። ከግራፍቱ በታች ደም ረግቶ ከተቀመጠም ያው ነው፤ መገናኘት ያለባቸው ግራፍቱና አልጋው ተራርቀው ይቀራሉ።

መፍትሄው የሚጀምረው ከአልጋው ነው። የአጥንቱን ሽፋን ሳትነኩ ከላዩ ያሉትን የጡንቻ ክሮች በሙሉ አንሱ። አንዲት ክር ከቀረች ታካሚው በተናገረ ቁጥር ግራፍቱን ትጎትተዋለች። ጠርዙን በቀጭን የስፌት ክር (5-0 ወይም 6-0) ያዙት፤ በላዩ የሚያልፍ ስፌት ጨምራችሁ ወደ አልጋው አስጠጉት። በሳላይን (በንጹህ የጨው ውሃ) በረጠበ ጋውዝ 5 ደቂቃ ተጫኑ። አምስት ማለት አምስት ነው፤ ሰዓት እያያችሁ! በመጨረሻ ከንፈሩን በጣታችሁ ይዛችሁ ሳብ አድርጉና ግራፍቱን ተመልከቱ። ፍንክች ካለ ስፌቱን ፍቱና እንደገና ስፉ። "ይይዛል ባክህ" ብዬ ሁለት ጊዜ ዘልዬዋለሁ፤ ሁለቱንም ደግሜ ሠርቻለሁ።

ስፌቱ ደህና ሆኖም ታካሚው ሊያፈርሰው ይችላል። አንዲት ታካሚዬ በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆማ "ያዘ ወይስ አልያዘም" እያለች ከንፈሯን ትገለብጥ ነበር። በሳምንቱ ስትመጣ ግራፍቱ በሁለት ክር ተንጠልጥሏል። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የምለው አንድ ነው፦ ከንፈርዎን አይግለጡ፣ ለማንም አያሳዩ፣ እስክነግርዎ ድረስ ቦታውን በብሩሽ አይንኩ። ሲጋራስ? የደም ስሩን ያጠብባል። አላቆምም ላለኝ ሰው ቀዶ ጥገናውን አዘገያለሁ።

ምልክት፦ ፍላፑ (ማትሪክሱን እንዲሸፍን የተነሳው ድድ) ተከፍቶ ማትሪክሱ ብቅ አለ

ፍላፑ ተወጥሮ ተሰፍቷል ማለት ነው። ከውስጥ በኩል የአጥንቱን ሽፋን በስለት ፈታ አድርጉና ያለ ጉተታ ጥርሱ አንገት ላይ ይድረስ። ከሰው ቆዳ የተዘጋጀው ማትሪክስ ሕይወት ያለው ሴል የለውም፤ የተራቆተ የጥርስ ስር ለመሸፈን ስትጠቀሙበት ሙሉ በሙሉ በፍላፕ ይሸፈን። ሳላይን ውስጥ የሚዘፈዘፈውን በመመሪያው ልክ ዘፍዝፉ። ከአሳማ ኮላጅን የተሠራውን ማትሪክስ አትጭመቁት፤ ስፖንጅነቱ ነው ሥራው። ተከፍቶ የተረፈውን ግማሽ "ለነገ" የምታስቀምጡ ደግሞ፣ እባካችሁ ተዉ። ከአሳማ ወይም ከሰው የመጣ መሆኑንም ታካሚው ከመተኛቱ በፊት ይስማ፤ ከተሰፋ በኋላ መንገር ጠብ መጋበዝ ነው።

ምልክት፦ ግራፍቱ ያዘ፣ የጥርሱ ስር ግን ሙሉ በሙሉ አልተሸፈነም

በጥርሶቹ መካከል ያለው አጥንት ቀድሞ አልቆ ከሆነ የትኛውም ዕቃ ሙሉ በሙሉ አይሸፍነውም። ይህ መታየት የነበረበት ከቀዶ ጥገናው በፊት ነው።

ምልክት፦ ላንቃው ይደማል

በጋውዝ ተጫኑ፤ ካልቆመ ከቁስሉ ኋላ በኩል ጥልቅ ስፌት አስገቡ። ታካሚው ቤት ሆኖ ሲደማ በውሃ እየደጋገመ ይጉመጠመጣል፤ የረጋው ደም በየጊዜው እየታጠበ ስለሚሄድ መድማቱ አይቆምም። ጋውዙን በጣቱ እንዲጫን አስተምራችሁ ላኩት።