ለገጠር ቤተሰብ ብር ስንሰጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

አክስቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም። የሴፍቲኔት ሒሳቧን ግን ተሳስታ አታውቅም ነበር፤ ሴፍቲኔት መንግሥት ችግረኛ የገጠር ቤተሰብን እያሠራ የሚከፍልበት ፕሮግራም ነው። ከምድጃው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ በከሰል ጭረት ታሰምራለች። አንድ ቀን እርከን ስትሠራ ከዋለች፣ አንድ ጭረት። ቤቷ የተመዘገበው ለአራት ሰው ነው። በወር ለአንድ ሰው 5 የሥራ ቀን፣ ለአራቱ 20 ጭረት። ብሩ ሲከፈላት ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ እንደገና ትጀምራለች። ልጅ ሆኜ ጭረቱ ከምድጃው አልፎ የበሩ መቃን ድረስ የሄደበትን ዓመት አልረሳውም። ሦስት ወር ሙሉ አልተከፈላትም ነበር።

ለገጠር ቤተሰብ ጥሬ ብር መስጠት ይጠቅማል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ያ ግድግዳ ትዝ ይለኛል። ይጠቅማል። በብዙ አገር ተሞክሮ ታይቷል። የሚበላሸው አሰጣጡ ላይ ነው። ሰው ስለ ነገ ማሰብ የሚጀምረው መቼ፣ ስንትና እስከ መቼ እንደሚያገኝ በቁርጥ ሲያውቅ ነው። ስህተቶቹን ደግሞ መንግሥትና ድርጅት ብቻ አይሠሯቸውም። ከአዲስ አበባ፣ ከዱባይ፣ ከዋሽንግተን ለዘመድ የምንልክ ሰዎችም እንሠራቸዋለን።

1. «ይጠጡበታል» ብሎ መጀመር

ይህን ያልሰማ የለም። «ለገበሬ ጥሬ ብር ከሰጠኸው ጠላ ቤት ነው የሚጨርሰው።» ከተማ ከገባሁ በኋላ ከተማሩ ሰዎች አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ዛሬም ያናድደኛል። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ የተሠሩ 19 ጥናቶችን ሰብስበው ይህንኑ ጉዳይ ፈትሸዋል። ብር የተሰጣቸው ቤተሰቦች ለመጠጥና ለትንባሆ የሚያወጡት ወጪ አልጨመረም። እንዲያውም የቀነሰበት ቦታ አለ። የሚጠጣ ሰው የለም አልልም፤ ከተማም ገጠርም አለ። በእሱ ሰበብ የመንደሩን እናት ሁሉ መጠርጠር ግን ግፍ ነው።

«ሥራ ይፈታሉ» የሚለውም የዚሁ ወንድም ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የእኛው ልማታዊ ሴፍቲኔት አብዛኛውን ተጠቃሚ እያሠራ ነው የሚከፍለው። እርከን ያሠራል፣ ኩሬ ያስቆፍራል፣ የገጠር መንገድ ያስጠርጋል። ያለ ሥራ የሚከፈላቸው ጉልበት የሌላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች፣ ነፍሰ ጡርና አራስ እናቶችም ናቸው።

2. ቀን አለመቁረጥ፣ የቆረጡትንም ቀን አለመጠበቅ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ይመስለኛል።

የገጠር ኑሮ የራሱ ካላንደር አለው። በብዙ ደጋ አካባቢ ታኅሣሥና ጥር የመውቂያ ጊዜ ነው። ጎተራው ይሞላል። ገበያውም በእህል ይጥለቀለቃልና ዋጋው ይወርዳል። ዕዳ ያለበት ገበሬ ግን ዋጋው እስኪወጣ መጠበቅ አይችልም። የማዳበሪያው ዕዳ አለ፣ ግብር አለ፣ የሰው ብር አለ። ስለዚህ በወረደ ዋጋ ይሸጣል። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው ባዶ ይሆናል። ያኔ ያንኑ የራሱን ጤፍ ወይም ማሽላ በውድ ዋጋ ከገበያ መልሶ ይሸምታል። በየዓመቱ እንዲህ ነው።

ጥር ላይ ትንሽ ብር እጁ የገባ ቤተሰብ ከዚህ አዙሪት ሊወጣ ይችላል። ዕዳውን በብሩ ይከፍላል፣ እህሉን ያቆያል። ሰኔ ላይ የደረሰ ብር ማዳበሪያና ዘር ይሆናል። መስከረም ላይ የደረሰ ብር ደብተርና የደንብ ልብስ ይሆናል። ይኸው ብር ሁለት ወር ከዘገየ ግን ሥራው ሌላ ነው፤ የተጠራቀመ ዕዳ መክፈያ ከመሆን አያልፍም።

አክስቴ ያን ዓመት ያደረገችውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ከጎረቤት ተበደረች። «ሴፍቲኔት ሲወጣ እመልሳለሁ» አለች። አልወጣም። ቀጥሎ በጓን ሸጠች። ልትወልድ የደረሰች በግ ነበረች፤ ገዢውም ይህን አይቶ ነው የቸኮለው። ሰኔ ሲገባ የታችኛውን ማሳ በወለድ አገድ ሰጠች። ወለድ አገድ ለማያውቅ፦ የተበደርሽውን እስክትመልሺ ድረስ መሬትሽን አበዳሪው ያርሰዋል፣ ምርቱም የእሱ ነው። ብሩ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ተጠራቅሞ መጣ። አንድ ሳንቲም አልጎደለም። በጓ ግን ሄዳለች፣ ማሳውም በሰው እጅ ነው። መሬቱን ለማስመለስ ሁለት ዓመት ፈጀባት። የከፈላት መሥሪያ ቤት ሰነድ ላይ ሁሉም ነገር በሥርዓት ተከፍሏል ተብሎ እንደሚነበብ አልጠራጠርም። እውነትም ተከፍሏል። ለእሷ ግን እስከ ሐምሌ ድረስ ላም አለኝ በሰማይ ነበር።

እኛ ዘመድ የምንረዳውስ? ለፋሲካ እንልካለን፣ ለእንቁጣጣሽ እንልካለን፣ ሰው ሲታመም እንልካለን። ልባችን ደግ ነው። ነገር ግን መጠኑ አይታወቅም፣ ቀኑም አይታወቅም። እዚያ ያለው ሰው ስልክ ሲጠብቅ ይከርማል። እንደ እኔ ከሆነ አነስ ያለ ብር በቁርጥ ቀን ቢላክ ይሻላል። «በየሦስት ወሩ ይህን ያህል እልካለሁ» ብላችሁ ንገሯቸው። ማድረግ ካልቻላችሁም ቀድማችሁ ተናገሩ። «ዘንድሮ ለሰኔ አልደርስም» የሚል ስልክ ሚያዝያ ላይ ከተደወለ፣ ሰውየው ማዳበሪያውን ከማኅበር በዱቤ ለመውሰድ ወይም ማሳውን ለእኩል ለመስጠት ጊዜ ያገኛል። ያፍራል ብላችሁ፣ ወይም እናንተው አፍራችሁ ዝም አትበሉ።

3. በየወሩ የሚሰጠውንና ባንዴ የሚሰጠውን አንድ አድርጎ ማየት

ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ በሲያያና በቦሜት ካውንቲዎች ትልቅ ሙከራ እየተደረገ ነው። ጊቭዳይሬክትሊ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ገደማ በ195 መንደሮች ላሉ አዋቂዎች በኤም-ፔሳ፣ ማለትም በሞባይል ስልክ፣ ብር መላክ ጀመረ። በ44 መንደሮች ላሉት ለ12 ዓመት በየወሩ እንደሚከፈላቸው ተነገራቸው። በ80ዎቹ ለ2 ዓመት ብቻ በየወሩ። በ71ዱ ደግሞ የሁለት ዓመቱ ድምር፣ 500 ዶላር ገደማ፣ ባንዴ። የወርሃዊው መጠን በቀን 75 ሳንቲም ዶላር ያህል ነው። ሌሎች 100 መንደሮች ለማነጻጸሪያ ቀሩ።

ውጤቱ ሲታይ ባንዴ የተሰጣቸው ሰዎች ከሁለት ዓመት ወርሃዊ ተቀባዮች ይልቅ ብዙ ንግድ ከፍተው ተገኙ። ይህ ብዙ አያስገርምም። በወር በወር የሚመጣ ትንሽ ብር ሽንኩርትና ዘይት ይሆናል እንጂ ጊደር አይገዛም። እኔን የገረመኝ የ12 ዓመቶቹ ነገር ነው። እነሱም የሚያገኙት በየወሩ ነው፤ ንግድ በመክፈት ግን ባንዴ ከተሰጣቸው ብዙም አልራቁም። ምን አደረጉ? እቁብ ጣሉ። ብሩ ለዓመታት እንደማይቋረጥ ስላወቁ በየወሩ እያዋጡ ተራ በተራ ጠቀም ያለ ብር ተቀባበሉ። የሁለት ዓመቶቹ እንዲህ ለማድረግ አልደፈሩም፤ ነገ የሚያልቅ ነገር ላይ እቁብ አይጣልም።

ለእኛ ሰው እቁብ አዲስ አይደለም። እንግዲህ ምግብ ለጎደለው ቤት በየወሩ፣ ሥራ መጀመር ለሚፈልግ ባንዴ ስጡ። በየወሩ ብቻ መስጠት የምትችሉ ከሆነ ደግሞ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ ግልጽ አድርጉ። ቀሪውን እነሱ ያውቁበታል።

4. ምን እንደሚገዙ መምረጥ

ለሁሉም ቤት በግ፣ ለሁሉም ቤት ዶሮ። የግጦሽ መሬት የሌለው ሰው በጉን ምን ያብላው? ውሃ ለመቅዳት ሁለት ሰዓት የምትሄድ እናት ለዶሮዎቹ ጭምር ትቅዳ?

ከዚህ ሁሉ በጣም የሚቆጨኝ የቆርቆሮ ነገር ነው። እዚያው ሲያያ ውስጥ ራሪዬዳ በሚባል አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 በተደረገ ጥናት፣ ቤተሰቦች በፈለጉት መንገድ እንዲያውሉት ብር ተሰጣቸው። ጎልቶ ከታየው አንዱ የሳር ክዳናቸውን አውልቀው ቆርቆሮ ማልበሳቸው ነው። ከሩቅ ሲታይ ለጌጥ ያወጡት ይመስላል። የሳር ክዳን ቤት ያደገ ሰው ግን ይገባዋል። ሳር በየጊዜው ይታደሳል። ሳሩ ይገዛል፣ ከዳኝ ይጠራል፣ ጠላ ይጠመቃል። ክረምት ላይ ያፈሳል፤ እህሉ ይረጥባል፣ የልጁ ደብተር ይረጥባል። ቆርቆሮ አንዴ ከለበሰ ያ ወጪ ለዓመታት ይቀራል። ይህ ቁጠባ ነው። ባንክ የሌለበት መንደር ውስጥ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ቁጠባ።

ስለዚህ ብር ስትልኩ «ለምን አዋላችሁት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። መልሱን ሰምቶ ከመፍረድ በፊት ግን «እስቲ ምክንያቱን ንገሩኝ» ማለት ይገባል።

5. ገበያውን መርሳት

ሴፍቲኔት ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር። ሐሳቡ የአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ እህል ይግዛ የሚል ነው። ከዚያ በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ጣሪያ ነካ። ክፍያው ወደ 8 ብር፣ በ2002 ደግሞ ወደ 10 ብር ከፍ ቢልም ዋጋውን አልደረሰበትም። በዚያን ጊዜ ብዙ ተጠቃሚ «ብሩ ይቅርብን፣ እህሉን ስጡን» አለ። ልክ ነበሩ። ብር ጥሩ የሚሆነው የሚገዛው ነገር ገበያ ላይ ሲኖር፣ በአቅም ሲገኝም ነው። መንገድ በተቋረጠበትና ገበያ በቆመበት ቦታ ስንዴ የያዘ መኪና ይሻላል።

የተገላቢጦሹም ስጋት አለ፦ ብር ከበዛ ዋጋ ይንራል የሚል። ሲያያ ውስጥ ከ10,000 ለሚበልጡ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው ወደ 1,000 ዶላር ሲሰጣቸው የአካባቢው ዋጋ ከፍ ያለው በ0.1 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ያልተሰጣቸው ጎረቤቶችም ሽያጭና የቀን ሥራ አግኝተው ተጠቅመዋል። እዚያ ግን ገበያው ሕያው ነው፣ ዕቃ ከሌላ ቦታ ይገባል። የእናንተ ዘመድ ያለበት ቀበሌ እንዲያ መሆኑን ራሳችሁ እወቁ።

6. በማን ስም?

«ለእናት ስጡ» ይባላል። እኔም ልቤ ወደዚያ ያዘነብላል። በራሪዬዳው ጥናት ግን ብሩ ለሚስት ተሰጠ ለባል፣ በአብዛኛው ውጤቱ ላይ ትልቅ ልዩነት አልታየም። ስም መቀየር ብቻውን የቤቱን አሠራር አይቀይረውም ማለት ነው። የሚቻል ከሆነ ለሁለቱም ባሉበት ተናገሩ፤ ስንት እንደሆነ ሁለቱም ይወቁ። ብዙ ቤት የሚጣላው በድብቅ ብር ነው።

7. ቶሎ ማስመረቅ

ሴፍቲኔት ላይ ጥሪት ያፈራ ቤተሰብ «ተመረቀ» ይባላል፤ ስሙ ከመዝገብ ይወጣል። ሐሳቡ መልካም ነው። ወደ 8 ሚሊዮን ገደማ ሰው የደረሰ ፕሮግራም ሁሉንም ለዘላለም ሊይዝ አይችልም። ሲቸኮል ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ላም መግዛት ስም የሚያሰርዝ ከሆነ ሰው ላም መግዛት ይፈራል። ላሙን ዘመድ ቤት አስቀምጦ የለኝም የሚል ሰው አይቻለሁ። ዋሸ ብዬ አልፈርድበትም። አንድ ላም የምታኖረው ዝናብ እስካለ ድረስ ነው። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ሲፈልግ፣ ከጥቂት ዓመት በፊት ሞላላቸው የተባሉ ቤቶችም ከብት እየነዱ ገበያ ወርደዋል።

እርዳታ ማቆም ካለባችሁ፣ ድርጅትም ሁኑ ዘመድ፣ ቢያንስ አንድ የመኸር ዘመን ቀድማችሁ ንገሩ። ቀድሞ የተነገረው ሰው ከብቱን በደህና ዋጋ ይሸጣል፣ ባሕር ዛፉን ይተክላል፣ ትልቁን ልጅ ስለሚያሠማራበት ሥራ ይመካከራል።

አክስቴን ማንም አልነገራትም። ስሟ መሰረዙን የሰማችው ጥር ላይ ዶማ ይዛ ወጥታ ሁለት ቀን ከሠራች በኋላ ነው። የሁለቱን ቀንም የከፈላት የለም። ሁለቱን ጭረት እስከ ፋሲካ ድረስ ከግድግዳው አልጠረገችም።