ብርድ በሌለበት አካባቢ ብሉቤሪ እንዴት ይለማል? ከዝርያ መረጣ እስከ ለቀማ

ብሉቤሪ የተባለው ትንሽ ሰማያዊ ፍሬ ለብዙ ዘመን የብርድ አገር ፍሬ ሆኖ ኖሯል። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት የዕፅዋት ተመራማሪው ፍሬድሪክ ኮቪል እና ኤልዛቤት ዋይት የዱሩን ቁጥቋጦ አላምደው የመጀመሪያውን ምርት እ.ኤ.አ. በ1916 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ ካቀረቡ በኋላም ቢሆን፣ ተክሉ የተስፋፋው ረጅም የብርድ ወራት ባላቸው አካባቢዎች ነበር። የሰሜኑ ብሉቤሪ ብርዱ ሲገባ ቅጠሉን አራግፎ ያርፋል፤ ከዚህ ዕረፍት ነቅቶ በአንድነት እንዲያብብ ደግሞ ከ0 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ቅዝቃዜ ውስጥ ከ800 እስከ 1000 ሰዓት ያህል ማሳለፍ አለበት። ባለሙያዎች የቅዝቃዜ ሰዓት የሚሉት ይህንን ነው። ተክሉ ይህን ያህል ቅዝቃዜ ካላገኘ እንቡጡ በከፊል ደርቆ ይቀራል፣ አበባው ይበታተናል፣ ምርቱም እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም።

ይህን ገደብ ያነሳው የማዳቀል ሥራ የተጀመረው በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ነው። ራልፍ ሻርፕ የተባሉት ተመራማሪ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ በፍሎሪዳ አሸዋማ መሬት ላይ በዱር የሚበቅለውንና ቅጠሉን ዓመቱን ሙሉ የማያራግፈውን፣ ዳሮዊ የተባለውን የብሉቤሪ ዘመድ፣ ፍሬው ትልቅ ከሆነው ከሰሜኑ ዝርያ ጋር አዳቀሉ። ፍሎሪዳ 4ቢ ተብሎ የተመዘገበ አንድ የዱር ተክል ዛሬ በሞቃት አገር ለሚለሙት አብዛኞቹ ዝርያዎች ቅድመ አያት ነው። ከዚህ ሥራ ሻርፕብሉ የተባለው ዝርያ በ1976 ወጣ፤ ተተኪያቸው ፖል ሊሪን ደግሞ ኤመራልድንና ጁውልን የመሳሰሉ ዝርያዎችን አወጡ። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በ1998 በሚሲሲፒ ያወጣው ቢሎክሲ 150 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜ ብቻ ስለሚበቃው ወደ ሜክሲኮና ወደ ፔሩ ተሻገረ፤ ከ2010 በፊት ብሉቤሪ እምብዛም የማይታወቅባት ፔሩም በ10 ዓመት ገደማ ውስጥ ከዓለም ቀዳሚ ላኪዎች አንዷ ሆነች። ሳውዘርን ሃይቡሽ በሚል የወል ስም የሚጠሩት እነዚህ ዝርያዎች ናቸው።

ስለእነዚህ ዝርያዎች የሚሰማው ወሬ ብዙ ሰው ችግኝ ብቻ አግኝቶ እንዲተክል እያነሳሳ ስለሆነ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። አዳዲሶቹ ዝርያዎች የፈቱት የቅዝቃዜውን ጥያቄ ነው። የአፈሩንና የውኃውን ጥያቄ ግን አልፈቱትም፤ በሞቃት አገር ብሉቤሪ የሚሞተውም በአብዛኛው ሙቀት በዝቶበት ሳይሆን ሥሩ ያለበት አፈር ወይም የሚጠጣው ውኃ ስለማይስማማው ነው።

ዝርያ መምረጥ

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የአካባቢው ብርድ ነው። በኢትዮጵያ ወይና ደጋ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝም ቀኑ መልሶ ስለሚሞቅ ሰሜኑን የመሰለ ተከታታይ የብርድ ወራት የለም፤ ስለዚህ ተክሉ ቅጠሉን ሳያራግፍ ዓመቱን ሙሉ እያደገ እንዲያፈራ ይደረጋል። ይህ ቅጠል ሳይረግፍ የማምረት ዘዴ በማዕከላዊና በደቡባዊ ፍሎሪዳ፣ በሜክሲኮና በፔሩ ይሠራበታል። ለዚህ ዘዴ ቢሎክሲ፣ ኤመራልድ፣ ጁውል እና አርካዲያ የተባሉት ዝርያዎች ይስማማሉ። ዘዴው የሚሳካው ቅጠሉ ጤናማ ሆኖ ከቆየ ብቻ በመሆኑ፣ ዋግንና ሌሎች የቅጠል በሽታዎችን የሚቋቋም ዝርያ መምረጥ ከፍሬው ትልቅነት ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል።

በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ በአትላንታና በአካባቢው የምትኖሩ አንባብያን ግን ራቢትአይ የተባለውን የጆርጂያ ተወላጅ ዝርያ ብትመርጡ ይሻላችኋል፤ ሙቀትንና ድርቅን ከሳውዘርን ሃይቡሽ የበለጠ ይችላል፣ የአካባቢው ቀይ ኮምጣጣ አፈርም በብስባሽ ከታገዘ ይስማማዋል። እስራኤል ውስጥ ኖራ በበዛበት አፈር ላይ ለምትኖሩ ደግሞ ከዚህ በታች የተገለጸው በማሰሮ የማልማት ዘዴ እንጂ መሬት ላይ መትከል የሚመከር አይደለም።

የትኛውም ዝርያ ቢመረጥ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ጎን ለጎን ይተከሉ። ሳውዘርን ሃይቡሽ በራሱ ብናኝ ማፍራት ቢችልም፣ ከሌላ ዝርያ ብናኝ ያገኘ አበባ ትልቅና ቀድሞ የሚደርስ ፍሬ ይሰጣል። ችግኝ ከውጭ ማስገባት የሚቻለው በዕፅዋት ኳራንታይን (የተክል በሽታ መከላከያ ቁጥጥር) ፈቃድና በጤና ማረጋገጫ ሰነድ ብቻ እንደሆነም አይዘንጋ። አንድ የታመመ ችግኝ በሻንጣ ተደብቆ ቢገባ የሚጎዳው የአስገቢውን ጓሮ ብቻ አይሆንም። አዳዲሶቹ ዝርያዎች በአዳቃዩ መብት የተጠበቁ ስለሆኑም ቆርጦ ማባዛት የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል።

አፈር

ብሉቤሪ የሚፈልገው የአፈር ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ፤ 7 ገለልተኛ ሲሆን ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን አፈሩ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው) ከ4.5 እስከ 5.5 ነው። ሥሩ እንደ ጸጉር የቀጠነ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ሌሎች ሰብሎች ያላቸውን የሥር ጸጉር ያልታደለ ነው። ፒኤቹ ከፍ ካለ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር ከአፈር መሳብ ስለማይችል፣ ለጋው ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ቢጫ ይሆናል፤ ተክሉም ቀስ በቀስ ይመነምናል። ይህን ምልክት ብዙ ሰው የማዳበሪያ እጥረት መስሎት ማዳበሪያ ይጨምራል፤ ተክሉን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይም በአዊ፣ በወለጋና በጅማ አካባቢ፣ ገበሬው ለስንዴና ለገብስ ሲል በኖራ የሚያክመው ኮምጣጣ አፈር በፒኤች ረገድ ለብሉቤሪ የቀረበ ነው። ይህ እውነተኛ ዕድል ነው፤ ነገር ግን ሁለት ጥንቃቄ ይሻል። አንደኛው፣ ኖራ የተበተነበት ማሳ መመረጥ የለበትም። ሁለተኛውና ከባዱ፣ ይህ ቀይ አፈር ሸክላነቱ ብዙ ስለሆነ በክረምት ውኃ ይይዛል፤ የብሉቤሪ ሥር ደግሞ አየር ካጣ ሥር በሚያበሰብስ ፈንገስ መሰል በሽታ በፍጥነት ይጠቃል። ስለዚህ ከ30 እስከ 45 ሳንቲሜትር ከፍታና እስከ 1.2 ሜትር ስፋት ያለው መደብ ተሠርቶ፣ በደንብ የበሰበሰ የፓይን ቅርፊት ወይም ያረጀ ሰጋቱራ ከአፈሩ ጋር በብዛት ይቀላቀላል። ዋልካ መሬት ላይ መደብ ቢሠራም እንኳ መትከሉን አልመክርም።

ፒኤቹ 6 አካባቢ ከሆነ በዱቄት ድኝ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ከ6 ወደ 4.5 ለማውረድ ለአሸዋማ አፈር በካሬ ሜትር 60 ግራም፣ ለለም ወይም መካከለኛ አፈር ደግሞ 170 ግራም ያህል ድኝ ያስፈልጋል። ድኙን ወደ አሲድ የሚለውጡት በአፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች በመሆናቸው ሥራው ወራት ይፈጃል፤ ከመትከል ቢያንስ ከ6 ወር በፊት ተበትኖ፣ አፈሩ ርጥብ ሆኖ ቆይቶ፣ ፒኤቹ እንደገና ይለካል። ከ7 በላይ የሆነና ኖራ ያለበት አፈር ግን ድኙን እየበላ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ ገንዘብና ጊዜ ሊባክንበት አይገባም።

በጓሮ የሚያለማ ሰው ሁለት ልማዶችን መተው አለበት። የምድጃ አመድ ፒኤቹን ስለሚያንር ከብሉቤሪ አጠገብ ፈጽሞ አይደፋ። የቡና አተላ አፈሩን ያኮመጥጣል የሚለው ምክርም የሚታመን አይደለም፤ አብዛኛው አሲድ ቡናው ሲፈላ ወደ ውኃው ስለሚገባ የሚቀረው አተላ ወደ ገለልተኛነት የተጠጋ ነው። በጥቂቱ ከጉዝጓዙ ጋር ቢደባለቅ አይጎዳም፣ ፒኤች ለማስተካከል ግን አይጠቅምም።

አፈሩ ካልተስማማ ከ25 እስከ 40 ሊትር የሚይዝ፣ ከሥሩ በደንብ የተበሳ የፕላስቲክ ማሰሮ ወይም ባልዲ ሁነኛ መፍትሔ ነው። ሙሌቱ ኮኮፒት (የኮኮናት ቅርፊት ብናኝ)፣ ፐርላይት (አየር የሚያስገባ ቀላል ነጭ የድንጋይ ፍንጣሪ) እና የፓይን ቅርፊት ቢሆን ጥሩ ነው። ኮኮፒት ጨው ሊኖረው ስለሚችል ከመሙላቱ በፊት በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል። የማሰሮ ጉዳቱ በሐሩር ጊዜ ቶሎ መድረቁ ነው፤ ጥቁር ማሰሮም ፀሐይ ሲያርፍበት ሥሩን ያግላል።

ውኃ

በእኔ እምነት ለዚህ ተክል ከዝርያ ምርጫም በላይ ወሳኙ ውኃ ነው፤ ሰዎች የሚመረምሩት ግን መጨረሻ ላይ ነው። የጉድጓድ ውኃ፣ በተለይ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ፣ ፒኤችን የሚያንር ባይካርቦኔት የተባለ የሟሟ ማዕድን ይበዛበታል። እንዲህ ያለ ውኃ የተስተካከለውን አፈር በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ኖራ እንደመጨመር ያህል ያበላሸዋል። ስለዚህ ከአፈሩ ጋር የውኃውም ፒኤች፣ ባይካርቦኔት፣ ክሎራይድና ሶዲየም በላቦራቶሪ ይመርመር። ባይካርቦኔቱ ከፍ ካለ፣ ሰፊ እርሻ ላይ በባለሙያ ቁጥጥር ሰልፈሪክ አሲድ በመስኖ መስመሩ ይጨመራል፤ በጓሮ ደረጃ ግን ሲትሪክ አሲድ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ውኃውን በፒኤች መለኪያ 5.5 አካባቢ ማድረስ ይበቃል። የትኛውም አሲድ ሲሆን ጓንት ተደርጎ አሲዱ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ ወርዶ በሮቶ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ባይካርቦኔት ስለሌለበት ለጥቂት ማሰሮዎች ከዚህ የተሻለ ውኃ አይገኝም።

ሥሩ ከላይ ስለተዘረጋ ውኃው በአንድ ጊዜ ብዙ ሳይሆን ጥቂት ጥቂት እያለ ቶሎ ቶሎ ይሰጥ። ለዚህ የጠብታ መስኖ ተመራጭ ነው።

መትከልና ማብላት

በተክሎች መካከል ከ80 ሳንቲሜትር እስከ 1 ሜትር፣ በመደቦች መካከል ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ይተው። ችግኙ ከፕላስቲኩ ሲወጣ ሥሩ ተጠማዞ ከተገኘ በእጅ ቀስ ተብሎ ይፈታ፤ በችግኝ ጣቢያ ከነበረበት ጥልቀት በታችም አይቀበር። ከተተከለ በኋላ ከ8 እስከ 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የፓይን ቅርፊት ወይም ሰጋቱራ ግንዱን ሳይነካ ይጎዝጎዝበት። በመጀመሪያው ዓመት የሚወጣው የአበባ እንቡጥ ሁሉ ይነቀል። ይህ ለአልሚው የሚያሳዝን ሥራ ቢሆንም፣ ገና በሕፃንነቱ እንዲያፈራ የተተወ ተክል ቁመቱም ሥሩም ተቀጭቶ ይቀራል።

ብሉቤሪ ናይትሮጅንን የሚወደው በአሞኒየም መልክ ነው። አሞኒየም ሰልፌት አፈሩንም እግረ መንገዱን ስለሚያኮመጥጥ ይመረጣል፤ ችግኙ ከያዘና አዲስ ቅጠል ካወጣ በኋላ 30 ግራም ያህል ከግንዱ ራቅ ተደርጎ በዙሪያው ይበተናል፣ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላም ይደገማል። በማሰሮ ያለ ተክል ከዚህ ያነሰ መጠን ይበቃዋል። የናይትሬት ማዳበሪያ፣ ክሎራይድ ያለበት ፖታሽና ትኩስ የዶሮ ኩስ አይስማሙትም፤ ጨው ሥሩን ያቃጥለዋል። ቅጠሉን ሳያራግፍ የሚያመርት ተክል ዕረፍት ስለሌለው ማዳበሪያው ዓመቱን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ተከፋፍሎ ይሰጠዋል እንጂ ለወራት አይቋረጥበትም።

አበባ፣ ቅርንጫፍ መግረዝ፣ ለቀማ

ብሉቤሪ ያለ ንብ አያፈራም ማለት ይቻላል። በአበባው ወቅት የንብ ቀፎ በአቅራቢያው ይኑር፤ ፀረ ተባይም በዚያ ጊዜ አይረጭ። የተከፈተ አበባ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሚሞት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ የሚጥልበት ደጋ፣ እንደ ደብረ ብርሃን ያለው፣ ያለ መከላከያ ለዚህ ልማት አይሆንም።

ብርድ በሌለበት አካባቢ ተክሉ መቼ እንደሚያፈራ የሚወስነው በዋናነት ቅርንጫፉ የሚገረዝበት ጊዜ ነው። ለቀማው እንዳለቀ ያረጁት፣ የተሻገሩትና መሐሉን ያፈኑት ቅርንጫፎች ይወገዳሉ፤ ከዚያ በሚወጣው አዲስ ቡቃያ ላይ የሚቀጥለው አበባ ይያዛል። ከአበባ እስከ ብስለት ከ2 እስከ 3 ወር ስለሚፈጅ፣ በኢትዮጵያ አልሚው ወደ ኋላ ቆጥሮ ፍሬው በበጋ እንዲደርስ ማቀድ አለበት። በክረምት ዝናብ የደረሰ ፍሬ ይሰነጠቃል፣ ይሻግታል።

ከተተከለ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ዓመት የሚለቀም ፍሬ ይገኛል፤ በደንብ የተያዘ ሙሉ ተክል ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሊሰጥ ይችላል። ፍሬው ከተቆረጠ በኋላ ስኳሩ አይጨምርም። ሰማያዊ መስሎ መታየቱ ብቻውን አይበቃም፤ በእንጨቱ መያዣ ዙሪያ ቀላ ያለ ቀለበት ካለ ገና ነው፣ ቀለሙ ከሞላ በኋላም ጥቂት ቀናት ይጠበቃል። ለቀማው ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ በየ4 ወይም በየ5 ቀኑ፣ ፍሬውን በአውራ ጣት ቀስ አድርጎ ወደ መዳፍ በማንከባለል ይከናወናል። ላዩ ላይ ያለው አመድማ ሰም ፍሬውን ከመድረቅ ስለሚጠብቀው አይጠረግ። ፍሬው ከመበላቱ በፊት እንጂ ከመቀመጡ በፊት አይታጠብም፤ ለገበያ የታሰበው ደግሞ ከተለቀመ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ0 እስከ 1 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ውስጥ መግባት አለበት።