አምስተኛውና ስድስተኛው ፖርት፦ የአርኤክስ-7 ባለቤቶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ሰው ለማዝዳ አርኤክስ-7 መኪናው ነፃ የሚተነፍስ አዲስ ማርሚታ ያስገጥማል። ድምፁ ልብ ይሰርቃል። ከዚያ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆኖ ነዳጁን እስከ ጥግ ይረግጣል። በደቂቃ 4,000 ዙር ያልፋል፣ 5,000 ያልፋል፤ መኪናዋ ግን የታነቀች ትመስላለች። 6,000 ገደማ ስትደርስ ከኋላ ሰው የገፋት ያህል ትወረወራለች። ባለቤቱ ፊቱ ይበራል። «አሁን ገና ጉልበት አገኘች!» ይላል።

አላገኘችም። ከ4,000 ጀምሮ ሊኖራት የሚገባውን ጉልበት ነው ዘግይታ ያገኘችው። በረዳት ፖርቶች (በአምስተኛውና ስድስተኛው የአየር መግቢያ በሮች) ዙሪያ የሚሠራው ስህተት አብዛኛው የሚጀምረው ይህችን ነገር ካለመረዳት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አሠራሩን ባጭሩ ልናገር።

ሁለተኛው ትውልድ አርኤክስ-7 እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1991 ባሉት ሞዴሎች ይታወቃል። ቱርቦ የሌለው 13ቢ ሮታሪ ሞተሩ ሁለት ሮተር (በፒስተን ፈንታ የሚዞር ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍል) አለው፤ እያንዳንዱ 654 ሲሲ ነው። ለእያንዳንዱ ሮተር ሦስት የአየር መግቢያ ፖርት ተሠርቶለታል። «ባለ ስድስት ፖርት» የሚባለውም ለዚህ ነው። አንዱ ፖርት ያለው መሃለኛው ሃውዚንግ (የሞተሩ ቤት) ላይ ነው። ሁለቱ የዳሩ ሃውዚንግ ላይ ናቸው፤ ከእነሱ አንዱ ረዳቱ ነው።

ረዳቱ ፖርት የሚዘጋው ከሌሎቹ ዘግይቶ ነው። ዙሩ ዝቅ ሲል ይህ ይጎዳል። ሮተሩ መጭመቅ ከጀመረ በኋላም በሩ ክፍት ስለሆነ የገባው አየር ተመልሶ ወደ ማኒፎልዱ (ወደ አየር ማስገቢያ ቱቦው) ይገፋል። ዙሩ ከፍ ሲል ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የሚሮጠው አየር በራሱ ፍጥነት መግባቱን ይቀጥላል፤ በሩ ዘግይቶ መዘጋቱ ጥቅም ይሆናል። ስለዚህ በሩ ውስጥ የሚዞር ስሊቭ ተቀምጧል፤ ጎኑ ላይ መስኮት የተከፈተበት ቱቦ ማለት ነው። ከውጭ በዲያፍራም (ግፊት በሚለጥጠው ስስ ጎማ) የሚሠራ ማንቀሳቀሻ ዘንግ ይገፋና ስሊቩን ያዞረዋል። ወደ 4,000 ዙር አካባቢ መስኮቱ ከፖርቱ ጋር ይገጥማል፣ በሩም ይከፈታል።

አሁን ወደ ስህተቶቹ።

ግፊያውን እንደ ጉልበት መቁጠር

ይህን ያስቀደምኩት ብዙ ሰው ስለሚሸወድበት ነው። ስሊቩ በትክክለኛው ዙር ሲከፈት ምንም ነገር አይሰማችሁም። መኪናዋ ሳትንገጫገጭ እየጨመረች ትሄዳለች። ምክንያቱም በሩ የሚከፈተው የተዘጋው ፖርት ጉልበት መውረድ ሲጀምር፣ የክፍቱ ደግሞ እኩል ሲደርስበት ነው። የተዘጋውና የክፍቱ ፖርት የጉልበት መስመሮች ግራፍ ላይ በሚቆራረጡበት ቦታ ልዩነት የለም፤ ስለዚህ የሚሰማ ነገርም የለም።

ጀርባችሁን ወንበሩ ላይ የሚለጥፍ ግፊያ ከተሰማችሁ ከዚያ በፊት ሞተሩ ታፍኖ ነበር ማለት ነው። ግፊያው በጠነከረ ቁጥር መዘግየቱም የዚያኑ ያህል ነው። በጣም የምወደው መኪና ስለሆነ ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፤ በሰውነት ስሜት ብቻ አትፍረዱ። ሰውነት የሚያውቀው ለውጥን ነው፣ ጉልበትን አይደለም።

ማርሚታና ካታላይዘር ሲቀየር ግፊቱ ከየት ይመጣ እንደነበር መርሳት

እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1988 ባሉት ሞዴሎች ላይ ስሊቩን የሚያንቀሳቅሰው የራሱ የጭሱ ግፊት ነው። ከጭስ ማውጫው ላይ ቀጭን የብረት ቱቦ ይወጣል፣ ወደ ሁለቱ ማንቀሳቀሻዎች ይሄዳል። ሞተሩ በርትቶ ሲሠራ ጭሱ ይታመቃል፣ ዲያፍራሙን ይገፋል። ብልህ አሠራር ነው። ኤሌክትሪክ የለውም፤ ደግሞም ዙሩን ብቻ ሳይሆን ነዳጁ ምን ያህል እንደተረገጠም ያውቃል።

ግን የሚኖረው በጭሱ መታመቅ ነው። ካታላይዘሩን (ጭስ ማጣሪያውን) አውጥታችሁ ሰፊ ቱቦ ከገጠማችሁ ግፊቱ ይወርዳል። ያኔ ስሊቩ ወይ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ወይ በግማሽ ይከፈታል፣ ወይ ጭራሹን አይከፈትም። መጀመሪያ ላይ ያየነው ሰው የደረሰበት ይኸው ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጭስ ማውጫውን ሲቀይር ቀጭኗን ቱቦ ቦታ አጥቶላት ይደፍናታል። ከዚያ «ይቺ መኪና ከ5,000 በላይ ምን ነካት?» እያለ ሻማና ኮይል ሲቀያይር ይከርማል።

እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ባሉት ላይ ግፊቱ የሚመጣው ከአየር ፓምፑ ነው፤ ሰዓቱን የሚወስነው ደግሞ የመኪናው ኮምፒውተር ነው፣ በሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ በሚከፈትና በሚዘጋ ቫልቭ) በኩል። እዚህ ማርሚታ መቀየር ችግር የለውም። ስህተቱ ሌላ ነው፦ «ይህ ፓምፕ ለጭስ ቁጥጥር ብቻ ነው» ብሎ መጣል። ፓምፑ ሲወጣ ረዳት ፖርቶቹ ተዘግተው ይቀራሉ። ማኒፎልዱ ውስጥ የአየሩን መንገድ እንደ ዙሩ የሚቀይረው፣ ቪዲአይ የሚባለው ቫልቭም ከዚያው ፓምፕ ነው የሚተነፍሰው። ሁለቱን በአንድ ቀን ታጣላችሁ።

ከፍቶ ማሰር

«ለምን እንለፋለን፣ በሽቦ ክፍት አድርገን እንሰረው» የሚል ሐሳብ ሁሌም አለ። ስሊቩን ጎትቶ አውጥቶ የሚጥልም አለ። ከፍተኛው ዙር ላይ መኪናዋ ደህና ትሄዳለች፤ እውነት ነው። ሁሌ ከ5,000 በላይ ለምትሮጥ የውድድር መኪና ያስኬዳል።

መንገድ ላይ ግን ሮታሪ ሞተር ድሮም ታች ላይ ጉልበት የለውም። ያለችውንም ጥቂት ወስዳችሁ ነው የምትጥሏት። ዳገት ላይ፣ ሰው ጭናችሁ፣ 2,500 ዙር ላይ ስትረግጡ መኪናዋ ታስባለች። ማርሽ ደጋግማችሁ ትቀንሳላችሁ፣ ቤንዚኑም በዚያው ልክ ይሄዳል። ዘግቶ ማሰር ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ከታች ደህና፣ ከላይ ሙት። ሁለቱንም አልመክርም።

የተጣበቀ ስሊቭ ላይ አዲስ ማንቀሳቀሻ መግጠም

ሮታሪ ሞተር ዘይት ሆን ብሎ ያቃጥላል፤ የሮተሩን ሲሎች (ማሸጊያዎች) ለማለስለስ ዘይት የሚረጭ ፓምፕ አለው። ስለዚህ ካርቦን አይቀርለትም። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ስሊቭ ስታወጡ ላዩ ላይ እንደ ድስት ጥላሸት የደረቀ ጥቁር ቅርፊት ታያላችሁ። በጣት ስትነኩት አይለቅም፤ በጥፍር ሲፋቅ ነው በፍርፋሪ የሚወርደው። ይህ ቅርፊት ስሊቩን ከቤቱ ጋር ያጣብቀዋል።

እና ሰው ፓምፕ ይገዛል፣ ሽቦ ይዘረጋል፣ ማብሪያ ይገጥማል፤ ስሊቩ ግን ድሮውንም አልዞረም። መጀመሪያ የማንቀሳቀሻውን ዘንግ በእጃችሁ ግፉት። ያለ ትግል ሄዶ በስፕሪንጉ መመለስ አለበት። ከከበደ ሌላ ሥራ አትጀምሩ። አውጡትና ካርቦን የሚያሟሟ ፈሳሽ ውስጥ አሳድሩት፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ አፅዱት። በሸካራ የብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት፤ ልኩ ይጠፋና አየር ያሳልፋል።

ስትመልሱት ደግሞ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። የፊቱንና የኋላውን ስሊቭ ሳይቀላቀሉ ምልክት አድርጉባቸው። የማንቀሳቀሻው ዘንግ ጫፍም ስሊቩ ላይ ያለችው ስንጥቅ ውስጥ መግባቱን በዓይናችሁ እዩ። ካልገባ ዘንጉ ውጭ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ፣ ውስጥ ያለው ስሊቭ ግን ተኝቷል። ማኒፎልዱን ጋስኬት ቀይራችሁ ካሰራችሁ በኋላ ይህን ማወቅ ያናድዳል። በሩ ሲከፈት መስኮቱ ፖርቱን ሙሉ በሙሉ መግለጡን ማኒፎልዱ ገና ሳይዘጋ አረጋግጡ።

ፓምፕ ገጥሞ የግፊቱን መጠንና መውጫውን መርሳት

የጭሱ ግፊት ሲጠፋ ጥሩው መፍትሔ ትንሽ የኤሌክትሪክ አየር ፓምፕ፣ ሶሌኖይድና በዙር የሚሠራ ማብሪያ ነው። እኔም የምደግፈው ይህንን ነው። ግን ዲያፍራሙ የተሠራው ለጭስ ግፊት ነው፤ በጣም ትንሽ ግፊት ይበቃዋል። ጎማ ለመንፋት የተሠራ ኮምፕሬሰር ያለ መቆጣጠሪያ ካገናኛችሁበት ይቀደዳል። ያረጀ ጎማ መሆኑን አትርሱ። ግፊት መቀነሻ ግጠሙ፣ ዝቅተኛ ግፊት በሚለካ ጌጅ እያያችሁ ከዜሮ ተነሥታችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ። ዘንጉ እስከ መጨረሻ በሄደበት ላይ ቁሙ።

ሁለተኛው ነገር መውጫው ነው። ሁለት አፍ ብቻ ያለው ሶሌኖይድ ሲዘጋ አየሩን ማንቀሳቀሻው ውስጥ ቆልፎ ያስቀረዋል። ስሊቩ አንዴ ይከፈታል፣ አይዘጋም። ሦስት አፍ ያለው ነው የሚያስፈልገው፤ ሲጠፋ የታመቀውን አየር ወደ ውጭ የሚለቅ። ደግሞም ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ፖርቱ ተዘግቶ እንዲቀር አድርጋችሁ ግጠሙት። ፊውዝ ቢቃጠል ከላይ ያለውን ጉልበት ብቻ ታጣላችሁ፣ መኪናዋ ግን በሰላም ቤት ታደርሳችኋለች።

ከጭስ ማውጫው አጠገብ የጎማ ቱቦ አታሳልፉ። ይቀልጣል።

ማንቀሳቀሻውን ከቫክዩም ጋር የሚያገናኝም አለ። ይህኛው የሚሠራው በግፊት ነው፣ በመምጠጥ አይደለም። ምንም አይሠራም፤ ዘንጉ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

የሚከፈትበትን ዙር በግምት መወሰን

«3,800 ይባላል» ብሎ ማብሪያውን እዚያ ላይ አስተካክሎ መርሳት ቀላል ነው። ለፋብሪካው ሞተር ከእውነት አይርቅም። ግን ማርሚታውን ቀይራችኋል፣ ምናልባት የአየር ማጣሪያውንም። ሁለቱ መስመሮች የሚቆራረጡበት ቦታ ተንቀሳቅሷል።

ትክክለኛው መንገድ ዳይኖ (የመኪና ጉልበት መለኪያ) ላይ ሁለት ሩጫ ማድረግ ነው። አንዱን ፖርቶቹን ከታች እስከ ላይ ዘግታችሁ፣ ሌላውን ከታች እስከ ላይ ከፍታችሁ። ሁለቱን የቶርክ (የመጠምዘዝ ኃይል) መስመር አንዱን ባንዱ ላይ ደርቡ። የተቆራረጡባት ነጥብ የእናንተ ዙር ናት። ከግራዋ የተዘጋው ይበልጣል፣ ከቀኝዋ የተከፈተው። አንድ ከሰዓት ይፈጃል፣ ከዚያ በኋላ መገመት የለም።

የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ዙር እኩል አይሁን። 3,900 ላይ ተከፍቶ 3,600 ላይ እንዲዘጋ ማድረግ ለምሳሌ ጥሩ ክፍተት ነው። አለዚያ በዚያው ዙር አካባቢ ስትነዱ ሶሌኖይዱ ይንጣጣል፣ ስሊቩ ይመላለሳል፣ መኪናዋም ትንገጫገጫለች።

የነዳጅ ማስተካከያ ከዚህ በኋላ እንጂ በፊት አይሠራ። በተለይ የፋብሪካውን ኮምፒውተር አውጥታችሁ ነዳጁን በዙርና በጋዝ አረጋገጥ ብቻ የሚወስን ሌላ ከገጠማችሁ፣ ፖርቱ መቼ እንደተከፈተ እሱ አያውቅም። አየሩ ይጨምራል፣ ነዳጁ አይጨምርም። ቀጭን ድብልቅና ከፍተኛ ዙር ተገናኝተው ሞተሩ ማንኳኳት ከጀመረ የሮተሩ የጫፍ ሲል ይሰበራል። የዚህ መጨረሻው ሞተር ማውረድ ነው።

የአርኤክስ-7ን ዘዴ አርኤክስ-8 ላይ መሞከር

ስማቸው ይመሳሰላል፣ ሥራቸው ይለያያል። ባለ ስድስት ፖርቱ አርኤክስ-8 ላይ ረዳት ፖርቶቹን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ የሚከፈቱትም በጣም ዘግይተው፣ ወደ 6,250 ዙር አካባቢ ነው። ወደ 3,750 ላይ የሚከፈተው ሌላ ቫልቭ ነው፣ ያኛው በቫክዩም ይሠራል። 4,000 ላይ የታፈነች አርኤክስ-8 ይዛችሁ ረዳት ፖርቱን አትፍቱ፤ ይህን ሁለተኛውን ቫልቭ ነው መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ። ካርቦን እሱንም ይይዘዋል።

ቆሞ እየፈተኑ መፍረድ

በጭስ ግፊት የሚሠራውን የቀድሞውን ሞዴል ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጎ፣ ቦኔት ከፍቶ፣ ነዳጅ እየሰጡ ዘንጉን ማየት የተለመደ ነው። ዘንጉ አይንቀሳቀስም። «ሞቷል» ይባላል፣ ማንቀሳቀሻው ይቀየራል። ግን ሞተሩ ምንም ሸክም ስለሌለበት ጭሱ ትንሽ ነው፤ ግፊቱም ዲያፍራሙን ለመግፋት ላይበቃ ይችላል።

ከዚህ የሚሻል ቀላል ዘዴ አለ። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ሁለቱንም ዘንጎች በጨርቅ ጥረጉ። ዘንጉ ወደ ማንቀሳቀሻው በሚገባበት ቦታ ላይ ወፍራም ግሪስ በጣት ጫፍ ቀቡ። መኪናዋን አሙቁ፣ ባዶና ለዚህ የሚመች መንገድ ወይም ትራክ ላይ ውጡ፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነዳጁን ሙሉ ረግጣችሁ ከፍተኛው ዙር ድረስ አንዴ ውሰዷት። ቁሙና ቦኔቱን ክፈቱ። ዘንጉ ከሄደ ግሪሱ በሄደበት ልክ ተገፍቶ ቀለበት ሠርቶ ታገኙታላችሁ። ሁለቱ ቀለበቶች እኩል ርቀት ላይ ካሉ ሁለቱም ማንቀሳቀሻዎች እየሠሩ ነው። የፊቱ ሙሉ ሄዶ የኋላው ግማሽ መንገድ ላይ ከቀረ፣ የኋላው ስሊቭ ካርቦን ይዞታል ወይም ዲያፍራሙ ተቀዷል። ግሪሱ እንደተቀባ ካለ ደግሞ ቀጭኗን ቱቦ ከሁለቱም ጫፍ ፈትታችሁ አየር ንፉባት፤ ብዙ ጊዜ ጥላሸት ደፍኗት ታገኟታላችሁ።