ቁልፉ ቁጭ ብሎ እያያችሁት «የለም» ሲላችሁ፦ የፒኤችፒ አሬይ ችግርና መፍትሄ

ደረሰኙ ላይ የተማሪው ስም አለ፣ የብሩ መጠን አለ፤ የወሩ ቦታ ባዶ ነው። የክፍያ ሲስተሙን ለአንድ ትምህርት ቤት ሠርቼ ያስረከብኩት ሰኔ ላይ ነበር። ሐምሌን አተመ፣ ነሐሴን አተመ፣ ጳጉሜንን እንኳ አልሳተም። መስከረም ላይ ወላጅ ሊከፍል ሲሰለፍ ወሩ ጠፋ። በመሀል ኮዱን የነካ ሰው የለም።

የወሮቹ ዝርዝር በፒኤችፒ (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው) አሬይ፣ ማለትም እያንዳንዱን ቫልዩ በአንድ ቁልፍ በሚያስቀምጥ ዝርዝር፣ እንዲህ ተጽፎ ነበር፦

$ወሮች = ["01" => "መስከረም", "02" => "ጥቅምት", … "10" => "ሰኔ", … "13" => "ጳጉሜን"];

(ፒኤችፒ የቫሪያብል ስም በፊደላችን ቢጻፍ ቅር አይለውም። ነጥብ ነጥብ ያደረግኩባቸውን ወሮች ሞልታችሁ ብትሞክሩት ይሠራል።)

ለዓይን አሥራ ሦስቱም ቁልፎች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁሉም ጥቅስ ውስጥ ያለ ስትሪንግ (ጽሑፍ)። ፒኤችፒ ግን እንደዚያ አያስቀምጣቸውም። ቁልፉ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) በሚጻፍበት መልክ የተጻፈ ስትሪንግ ከሆነ ወደ ኢንቲጀር ይቀይረዋል። "10" ቁጥር 10 ይሆናል። "01" ፊቱ ላይ ዜሮ ስላለ ስትሪንግ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በአንድ አሬይ ውስጥ ዘጠኝ ስትሪንግና አራት ኢንቲጀር ቁልፎች አብረው ይኖራሉ። ቀኑን ከፈረንጆች ወደ እኛ አቆጣጠር የሚቀይረው ፋንክሽኔ ወሩን በኢንቲጀር ነበር የሚመልሰው፦ ሰኔን 10፣ መስከረምን 1 ብሎ። 10 ቤቱን ያገኛል፤ 1 ግን "01"ን አያውቀውም። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ስሞክረው ከረምኩ፤ የማይሠሩት ደግሞ ልክ የቀሩት ዘጠኙ ወሮች ነበሩ።

መፍትሄው ቁልፎቹን በሙሉ ኢንቲጀር ማድረግ ነው፦

$ወሮች = [1 => "መስከረም", "ጥቅምት", "ኅዳር", …];

የመጀመሪያውን 1 ካላችሁት የቀረውን ራሱ እየቆጠረ ይሄዳል። ከፎርም የሚመጣውን ወርም ከመፈለጋችሁ በፊት ወደ ኢንቲጀር ለውጡት፤ "08" ያለ ችግር 8 ይሆናል። ዝርዝሩ ከሌላ ቦታ የመጣ ሆኖ ቁልፎቹን መንካት ካልቻላችሁ፣ የምትፈልጉበትን ቁጥር በስተር_ፓድ ፊቱ ላይ ዜሮ ጨምራችሁ ሁለት አሃዝ አድርጉት። ዜሮውን እንዳለ ትቶ ጥቅሱን ብቻ ማንሳት ግን የባሰ ጣጣ ነው። 08 ያለ ጥቅስ ሲጻፍ ፒኤችፒ ፋይሉን አላስነሳም ይላል፤ 010 ደግሞ በስምንት ቤት አቆጣጠር ስለሚነበብ 8 ነው፣ ሰኔያችሁ ሚያዝያ ላይ ቁጭ ይላል።

ኤረሩ ራሱ ይህን ሊነግረኝ ይችል ነበር። ኅዳር 2013 ዓ.ም. ከወጣው ፒኤችፒ 8.0 ጀምሮ መልእክቱ «አንዲፋይንድ አሬይ ኪ» የሚል ዋርኒንግ ሆኗል፤ ከኋላው የሚመጣውን ቁልፍ ልብ በሉት። በጥቅስ ከተከበበ የፈለጋችሁት በስትሪንግ ነው፣ ጥቅስ ከሌለው በኢንቲጀር። ከዚያ በፊት በነበሩት ቨርዥኖች ኖቲስ ነበር፤ ለስትሪንግ «አንዲፋይንድ ኢንዴክስ»፣ ለኢንቲጀር «አንዲፋይንድ ኦፍሴት» ይል ነበር። እኔ ጋ ግን ምንም አላለም፤ ምክንያቱም መስመሩ መጨረሻ ላይ ?? "" (ካልተገኘ ባዶ አድርገው) ብዬ ገና ሳይናገር አፉን ዘግቼው ነበር።

ሌላው ኮለም ይገባል፣ የመጀመሪያው ብቻ «የለም» ይላል

ይህ ከኤክሴል ሲኤስቪ (ኮለሞቹ በኮማ የተለያዩ የጽሑፍ ፋይል) የምታስገቡ ሁሉ አንድ ቀን የሚያጋጥማችሁ ነው። ርዕሶቹ «ስም፣ ክፍል፣ ስልክ» ናቸው፤ ክፍልና ስልክ ይገኛሉ፣ "ስም" ግን የለም ይባላል። ፕሪንት_አር አድርጋችሁ ስታዩት ቁልፉ ስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ያን ጊዜ ነው ሰው ኮምፒውተሩን መጠራጠር የሚጀምረው።

አማርኛው ጥያቄ ምልክት እንዳይሆን ፋይሉን በኤክሴል «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» ብላችሁ ሴቭ ታደርጋላችሁ፤ ማድረግም አለባችሁ። ኤክሴል ግን ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ቦም የሚባል፣ ለዓይን የማይታይ ሦስት ባይት ይጨምራል። እሱ ከመጀመሪያው ርዕስ ጋር ይጣበቃል። ለማረጋገጥ የአሬይ_ኪስን ውጤት በቫር_ደምፕ አውጡት። የእኛ አንድ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው፤ ስለዚህ «ስም» 6 መሆን አለበት። 9 ካላችሁ ሌባው ተያዘ። (አሬዩን ራሱን ቫር_ደምፕ ብታደርጉት የቁልፍ ርዝመት አያሳይም፤ አሬይ_ኪስ ያስፈለገው ለዚህ ነው።)

ከዳርና ዳር ስፔስ የሚያጸዳው ትሪም ቦምን አያነሳም። ፋይሉን ስትከፍቱ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ባይት አንብቡ፤ ቦም ከሆኑ ዝለሏቸው፣ ካልሆኑ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ርዝመቱ 7 ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ከኋላ የቀረች ስፔስ ናት፤ እሷን ትሪም ይበቃታል።

ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ ሲፈለግ አይገኝም

አንዷ ጸሐፊ «ፀሐይ» ብላ መዝግባለች፣ ሌላዋ «ጸሀይ» ብላ ትፈልጋለች። ለጆሮ አንድ ነው፤ ለአሬይ ምንም የማይገናኙ ሁለት ቁልፎች ናቸው። ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ፣ ሀ ሃ ሐ ሓ ኀ ኃ ሁሉ እንዲሁ። ይህን የፒኤችፒ ማኑዋል አይነግራችሁም፤ የእኛ የቤት ሥራ ነው።

ቁልፉን ስትሠሩም ስትፈልጉም በአንድ ፋንክሽን አሳልፉት፤ ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ የሚያመጣ፣ ሁሉንም እርባታቸውን ጨምሮ። ፊደል በፊደል የሚተካው ስተርቲአር ለዚህ ይመቻል፤ ግን የምትክ ዝርዝሩን በአሬይ ስጡት። ሁለት ስትሪንግ ከሰጣችሁት ባይት በባይት ስለሚተካ ፊደላችንን እንክትክቱን ያወጣዋል። የሰውዬውን ስም ግን ራሱ እንደሚጽፈው ቫልዩው ውስጥ አስቀምጡ። በሚፈለግበት ቁልፍ ላይ «ጸሀይ» ብትሉት ግድ የለም፣ ሰርተፍኬት ላይ ግን ስሙን የመቀየር ሥልጣን የለንም።

ቁልፉ አለ፣ ኢሴት የለም ይላል

ቁልፉ አለ ወይ ብለን የምንጠይቅበት ኢሴት፣ ቫልዩው ነል (ምንም ያልተሞላበት) ከሆነ ፎልስ (ሐሰት) ነው የሚመልሰው። የአያት ስም ያልሞላ ተማሪ ከዳታቤዝ ሲመጣ ኮለሙ አለ፣ ውስጡ ግን ነል ነው። «ኮለሙ መጥቷል ወይ?» ከሆነ ጥያቄያችሁ አሬይ_ኪ_ኤግዚስትስን ተጠቀሙ፤ «የሚታተም ነገር አለ ወይ?» ከሆነ ኢሴት ትክክል ነው።

ሌሎች፣ ቶሎ ቶሎ

ከዝርዝሩ የመጀመሪያው ሰው ብቻ «አልተገኘም» ከተባለ፣ ቫልዩ ፈልጎ ቁልፉን የሚመልሰው አሬይ_ሰርች 0 መልሶላችሁ ኢፍ እንደ ፎልስ ቆጥሮታል። በሦስት እኩል ምልክት ከፎልስ ጋር አወዳድሩ።

የተማሪ ቁጥር ቁልፍ የነበረበት አሬይ በድንገት ከ0 ጀምሮ ከተቆጠረ፣ ሁለት አሬይ የሚያዋህደው አሬይ_መርጅ ነው ያፈረሰው፤ ኢንቲጀር ቁልፎችን እንደ አዲስ ይቆጥራል። በ + ደምሯቸው። ቁልፍ ሲደገም የግራው ይቀራል፤ የቀኙ እንዲያሸንፍ ከፈለጋችሁ አሬይ_ሪፕሌስ አለ።

«ኦብጀክትን እንደ አሬይ መጠቀም አይቻልም» የሚል ኤረር ጄሰን (ዳታ የሚላላክበት የጽሑፍ ዓይነት) ካነበባችሁ በኋላ ከመጣ፣ ለጄሰን_ዲኮድ በሁለተኛ ቦታ የሚሰጠውን ትሩ ረስታችኋል።

ፎርም ላይ ቼክቦክስ ሳይመረጥ ሲቀር ብራውዘሩ ቁልፉን ጭራሽ አይልከውም። እዚህ ላይ ?? ቦታው ነው፤ ቁልፉ የጠፋበትን ምክንያት ታውቁታላችሁና። ደረሰኙ ላይ ግን አነሳሁት። አሁን ወሩ ካልተገኘ ሲስተሙ አላትምም ብሎ ይቆማል፤ የገንዘብ ያዧ መጀመሪያ ቀን ተቆጥታ ደውላ ነበር። ያን ጊዜ ለሰጠናቸው ባዶ ደረሰኞች ወሩን በእስክሪብቶ የሞላችው እሷው ናት።