ለገና ሰሞን የምትጎበኙትን ከተማ እንዴት ትመርጣላችሁ?

በገና ሰሞን ሦስት አራት ቀን ከተማ ለማየት ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከፎቶ ነው። በረዶ የለበሰ አደባባይና በመብራት ያሸበረቀ ዛፍ ያያል፣ ልቡ ይሸፍታል፣ ትኬት ይቆርጣል። ቀኑን ልብ የሚለው በኋላ ነው። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው፦ መጀመሪያ ቀን፣ ቀጥሎ ከተማ። አንድ ከተማ ዲሴምበር 15 ላይና ዲሴምበር 25 ላይ ፈጽሞ አይመሳሰልም። (ቀኖቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

1. ቀኑን ቁረጡ

ሰሞኑን ለሦስት ክፈሉት።

የመጀመሪያው ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ዲሴምበር 23 ያለው ነው። የገና ገበያ (አደባባይ ላይ ዳስ ተተክሎ ስጦታና ምግብ የሚሸጥበት) ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ጊዜያችሁ ይሄ ነው። ገበያዎቹ የሚቆሙት ሰው ለበዓሉ እንዲዘጋጅ ስለሆነ፣ በዓሉ ሲደርስ አብዛኞቹ ሥራቸውን ጨርሰዋል። በጀርመን የድሬስደኑ ሽትሪትዘልማርክት ከ1434 ጀምሮ የሚታወቅ አንጋፋ ገበያ ነው። እሱም ሆነ የኑረምበርጉ ዲሴምበር 24 ላይ ይዘጋሉ።

ሁለተኛው ከ24 እስከ 26 ያለው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ዲሴምበር 24 ከሰዓት በኋላ አንድ የጀርመን ከተማ ገባችሁ እንበል። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ሱቆቹ መዝጊያቸውን ያወርዳሉ። አደባባዩ ላይ ሠራተኞች የእንጨት ዳሶቹን እየፈቱ መኪና ላይ ይጭናሉ። ድንጋዩ ላይ የቀረው የረገፈ የጥድ ቅጠል ነው። ትራሙ ውስጥ ሰዎች ስጦታቸውን አቅፈው ወደ ዘመድ ቤት ይሄዳሉ። እናንተ ደግሞ ሻንጣ እየጎተታችሁ እራት የሚገኝበት ቤት ትፈልጋላችሁ። በቀጣዮቹ ሁለት ቀናትም ሱቅ ዝግ ነው፤ 25ም 26ም በዓል ናቸው።

ለንደን ይብሳል። ዲሴምበር 25 ሜትሮው፣ አውቶቡሱና ባቡሩ በሙሉ አይሠሩም። መሀል ከተማ ካላደራችሁ ተስፋችሁ ታክሲ ብቻ ነው። ፓሪስ ውስጥ የሉቭር ሙዚየም 25 ላይ ይዘጋል። የቫቲካን ሙዚየሞች 25ም 26ም ዝግ ናቸው።

ታዲያ እረፍታችሁ በነዚህ ቀናት ብቻ ቢሆንስ? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጸጥታውን ፈልጎ መሄድ ነው። የምሽት ቅዳሴና መዝሙር፣ ባዶ ጎዳና ላይ ረጅም የእግር ጉዞ። ይህን ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ቀን የለም፤ እራቱን ብቻ አስቀድሞ ያስይዝ። ሁለተኛው የማይቆም ከተማ መምረጥ ነው። የኒውዮርክ ሜትሮ በገናም ይሠራል፤ የሮክፌለር ማዕከሉ ትልቅ ዛፍም እንደበራ ነው። በኢስታንቡልና በቶኪዮ 25 የሕዝብ በዓል አይደለም፣ ሱቁም ምግብ ቤቱም ክፍት ነው። ከአውሮፓ ሳትወጡ ከሆነ ደግሞ የቪየና ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ያለው ገበያ እስከ 26፣ የፕራግ አሮጌው ከተማ አደባባይ ገበያ እስከ ጃንዋሪ 6 ይቆያሉ።

ሦስተኛው ከ27 እስከ ጃንዋሪ 7 ያለው ነው። እኔ በግሌ ይሄኛው ተገቢውን ቦታ አላገኘም እላለሁ። በስፔን የልጆች ትልቁ ቀን ጃንዋሪ 6 ነው። ዋዜማው ምሽት ላይ በማድሪድም በሴቪያም ሦስቱን ነገሥታት (ሰብአ ሰገልን) መስለው የለበሱ ሰዎች በሰልፍ ያልፋሉ፣ ከረሜላ ይበትናሉ፣ ልጆች መሬት ላይ ይሻማሉ። የጆርጂያዋ ትብሊሲና የሰርቢያዋ ቤልግሬድ ደግሞ ገናን የሚያከብሩት ጃንዋሪ 7 ነው። በትብሊሲ አሊሎ የሚባለው የዝማሬ ሰልፍ በዚያ ቀን ጎዳናውን ይሞላዋል። መጠንቀቅ ያለባችሁ የፈረንጆቹን አዲስ ዓመት ዋዜማ ነው፤ የሆቴል ዋጋ ጣሪያ ይነካል።

2. የቀኑን ብርሃን ቁጠሩ

ይህን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። በዲሴምበር መጨረሻ ስቶክሆልም የምታገኘው ብርሃን 6 ሰዓት ያህል ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይዋ ትጠልቃለች። ቪየና ከ8 ሰዓት ትንሽ ያልፋል፣ ሮም 9 ገደማ ነው፣ ሊዝበንና ሴቪያ 9 ተኩል ይደርሳሉ። መብራትና ገበያ ለማየት ከሆነ ጨለማው ይጠቅማችኋል። ሕንፃ፣ መናፈሻና ቪው ለማየት ከሆነ ግን ወደ ደቡብ ውረዱ።

በረዶን አትመኑ። በፕራግ፣ በቪየናና በለንደን ገና በረዷማ ይሆናል ብሎ የሚዋስ የለም፤ ዝናብና እርጥብ ብርድ ሊጠብቃችሁ ይችላል። በረዶ የግድ ካላችሁ ተራራ የከበባትን የኦስትሪያዋን ኢንስብሩክን እዩ። ከመሀል ከተማ ተነስታችሁ በኬብል መኪና ኖርድኬተ የሚባለው ተራራ ላይ ትወጣላችሁ።

3. አብሯችሁ ለሚሄደው ሰው ምረጡ

ሕፃን ወይም አዛውንት ካለ ሁሉ ነገር በእግር የሚደረስባት ትንሽ ከተማ ይሻላል። የኢስቶኒያዋን ታሊንን ወይም የፈረንሳይዋን ስትራስቡርግን አስቡ። ቅዳሜ ማታ የሕፃን ጋሪ ይዞ የገና ገበያ መግባት አድካሚ ነው። በሥራ ቀን፣ ሳይመሽ ሂዱ።

4. ከመክፈላችሁ በፊት አጣሩ

ገበያው ዘንድሮ መቼ ተከፍቶ መቼ እንደሚዘጋ ከከተማው የቱሪዝም ገጽ ላይ እዩ። ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ብዙዎቹ የሚከፈቱት በአድቬንት (ከገና በፊት ባለው የዝግጅት ጊዜ) የመጀመሪያ እሑድ ሰሞን ሲሆን፣ እሷም ከኖቬምበር 27 እስከ ዲሴምበር 3 ባለው ውስጥ ትውላለች። በምትደርሱበት ቀን ከኤርፖርት የሚወስዳችሁ ባቡር መኖሩንም ጠይቁ።

የሸንገን ቪዛ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ጀምሮ ነው፤ ቢዘገይ ቢዘገይ 15 ቀን ሲቀረው። ያችን የመጨረሻ ቀን አትጠብቁ፤ ሆቴሉንም ቢሰረዝ ገንዘብ የሚመልስ አድርጉት።

ኪሳችሁ ውስጥ ትንሽ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። በጀርመንና በኦስትሪያ ገበያዎች በቅመም የፈላ ትኩስ ወይን ስትገዙ ከመጠጡ ዋጋ በላይ ትከፍላላችሁ። ትርፉ የኩባያው ማስያዣ ነው፤ ስትመልሱት ይመለስላችኋል። የከተማው ሥዕል ያለበትን ኩባያ ከወደዳችሁት ግን ማስያዣውን ትታችሁ ይዛችሁት ሂዱ።